«የከዘራው ወግ ይቅር» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ በምትገኘው ትንሽ ከተማችን፣ በየዓመቱ መስከረም 2 ቀን ከሰዓት በኋላ የከተማው ሰው በዕድሜ ከሁሉ ወደሚበልጡት ነዋሪ ቤት ይሄዳል። አዲስ ጋቢ ይደረብላቸዋል፤ ከእሳቸው በፊት የነበሩት የዕድሜ ባለጸጋ ይዘውት የኖሩት የወይራ ከዘራ ይሰጣቸዋል፤ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፤ ቡና ይፈላል፤ እሳቸውም ከተማውን ይመርቃሉ። በቅርቡ አንድ የከተማችን ተወላጅ ይህ ወግ እንዲቀር የሚጠይቅ ረዘም ያለ ጽሑፍ አውጥተዋል። ጽሑፉ ስድስት ነገር ይላል፦ ወጉ ከአሜሪካ የተቀዳ እንጂ የእኛ አይደለም፤ የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት አገር ዕድሜ ስለማይታወቅ ክብሩ ዕድሜውን ላጋነነ ይሰጣል፤ ረጅም ዕድሜ ሥራ ስላልሆነ አያስከብርም፤ ወጪው ለአረጋውያን ሕክምና ቢውል ይሻላል፤ ሥነ ሥርዓቱ አረጋውያንን «ለሞት ወረፋ» ያሰልፋል፤ በመጨረሻም ሴቶችን ወደ ጎን ትቷል።

ወጉ ከተጀመረ 13 ዓመት ሆኖታል፤ እኔም በዕድሜ ቆጠራው ላይ ለዘጠኝ ዓመት በጸሐፊነት አገልግያለሁ። ጽሑፉን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ በቅን ልቦና እንደተጻፈም አልጠራጠርም። ከነጥቦቹ አንዱን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ሁለቱን በከፊል እቀበላለሁ፤ የቀሩትን አልቀበልም። ከሁሉ በላይ ግን ጸሐፊው መስከረም 2 ቀን የሚታየውን ጋቢና ከዘራ ብቻ አይተው፣ ከዚያ በፊት ያለውን የሦስት ሳምንት ሥራ ሳያዩ መፍረዳቸው ክርክራቸውን ከሥሩ አጉድሎታል። ከዚህ በታች የምጽፈውም ደጋግሞ ወደዚያ ሥራ ይመለሳል።

በመጀመሪያ ስለ ወጉ ምንጭ። ጸሐፊው «የተቀዳ» ያሉት የቦስተን ፖስት ከዘራ የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1909፣ በእኛ አቆጣጠር 1901 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል፣ ኤድዊን ግሮዚየር የሚባሉ የቦስተን ፖስት ጋዜጣ አሳታሚ ኒው ኢንግላንድ በሚባለው የአሜሪካ ክፍል ለሚገኙ 700 ያህል ትንንሽ ከተሞች የዞጲ፣ ማለትም የጥቁር ጠንካራ እንጨት፣ ከዘራ ላኩ። የእጀታው ጫፍ ወርቅ ነበር፤ በወርቁም ላይ ከዘራው በዕድሜ ከሁሉ ለሚበልጠው ነዋሪ የተሰጠ መሆኑና ወደ ተተኪው እንደሚተላለፍ ተቀርጾበታል። ጋዜጣው እ.ኤ.አ. በ1956 ቢዘጋም ወጉ አልተዘጋም፤ በሜይን፣ በኒው ሃምፕሸርና በማሳቹሴትስ ብዙ ከተሞች እስከ ዛሬ ይዘውታል።

የከዘራውን ሐሳብ ውጭ አገር የሚኖር አንድ የከተማችን ልጅ ሰምቶ እንደነገረን አልክድም። ከዚያ የመጣው ግን እንጨቱ ብቻ ነው። በጎጃም ቤት የእንቁጣጣሽ ዕለት ልጅ ሁሉ፣ ጎልማሳውም ሳይቀር፣ ወደ አያቱ ቤት ሄዶ ጉልበት ስሞ ይመረቃል፤ ታላቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫ ይነሣል፤ ማዕድ ሲቀርብ «ይባርኩልን» የሚባለው በዕድሜ የገፋው ሰው ነው። መስከረም 2 ቀን የምናደርገው፣ ልጅ በአያቱ ቤት የሚያደርገውን ከተማው በሙሉ ለአንድ ሰው ማድረግ ነው። ለዚህም ነው ባለ ዕድሜውን ወደ አዳራሽ አምጥተን መድረክ ላይ የማናወጣቸው፤ እኛ ነን ወደ ደጃቸው የምንሄደው።

እንዲያውም ከቦስተኑ ከዘራ ያገኘነው ትልቁ ጥቅም የስሕተቱ ትምህርት ነው። ከእነዚያ ከዘራዎች ብዙዎቹ ጠፍተዋል፤ ሟቹ ሲቀበር ቤተሰቡ እንደ ውርስ ያስቀረው አለ፤ ከከተማው ወጥቶ ያልተመለሰም አለ። ዛሬ ብዙዎቹ ከተሞች ዋናውን ከዘራ በመስታወት ሣጥን ቆልፈው ለባለ ዕድሜው ምስክር ወረቀት ወይም አምሳያውን ይሰጣሉ። እኛ ይህን ስለሰማን ከዘራውን ከወርቅ አልሠራነውም። ማንም ሊሸጠው የማይመኘው፣ አንገቱ ላይ የቀንድ ቀለበት ያለው የወይራ እንጨት ነው፤ ባለቤቱ ሲያርፉም ክርስቲያን ከሆኑ በ40 ቀን ተዝካራቸው፣ ሙስሊም ከሆኑ ቤተሰቡ በመረጠው ቀን ይመለሳል። እስከ ዛሬ አንድም ቤተሰብ አላስቀረም።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። የልደት ምዝገባ በሌለበት አገር ማን ከማን እንደሚበልጥ አይታወቅም ይላሉ። የምዝገባውን ነገር በትክክል አስቀምጠውታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ (የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ) ዝርዝር ድንጋጌ ነበረው፤ ነገር ግን ያው ሕግ በመጨረሻዎቹ አንቀጾቹ፣ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪገለጽ ድረስ ይቆይ ብሎ መዝገቡን አሳድሮታል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዛሬ 90 ዓመት ያለፋቸውን የጎጃም ገበሬ የልደት ወረቀት አምጡ ማለት፣ አገሩ ራሱ ያልሰጣቸውን ነገር መልሶ ከእነሱ መጠየቅ ነው። የቀበሌ መታወቂያም ብዙ አይረዳም፤ በላዩ ላይ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛው «ስንት ልበል?» ብሎ የጻፈው ግምት ነው። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተካሄዱት ሦስቱ አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች እንኳ የተነገረው ዕድሜ በዜሮና በአምስት በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ መከማቸቱ የታወቀ ነው፤ ሰዉ 58 ወይም 62 አይልም፣ 60 ይላል።

ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «ስለዚህ ዕድሜ አይታወቅም» ሲሉ ግን ቸኩለዋል። ወረቀት ያልያዘውን የሚይዝ ሌላ መዝገብ በእጃችን አለ፤ የዛሬዋን ባለ ከዘራ እናት ዕድሜ እንዴት እንደደረስንበት ብናገር ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ጊዜው ነሐሴ 2016 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ነበር። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ስለሆነ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ተሻገርን። አንድ ቄስ፣ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ፣ ከእድሩ አንድ እናት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና እኔ ነበርን። እሳቸው ከምድጃው አጠገብ መደብ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ግን እንዝርቱን አይስትም።

«ስንት ዓመትዎ ነው?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን የለም። ይህ ጥያቄ «እኔ ምን አውቄ» ወይም «መቶ ሳይሞላኝ አይቀርም» ከሚል መልስ በቀር እንደማያመጣ ከተማርን ቆይተናል። ቄሱ ጣሊያን ሲገባ ምን ያህል ልጅ እንደነበሩ ጠየቋቸው። የፊት ጥርሳቸው ወልቆ ልጆች ይስቁባቸው እንደነበርና አውሮፕላን ባለፈ ጊዜ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው እንደሸሹ ነገሩን። ጣሊያን ወጥቶ ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ሲገቡስ? ያን ጊዜ ተድረው አማታቸው ቤት ፈትል ይማሩ ነበር። በላይ ዘለቀ ሲሰቀሉስ? ወሬው አገሩ ሲደርስ የበኩር ልጃቸውን ታቅፈው ነበር፤ ሴቶቹ ሙሾ ሲያወርዱ ሕፃኑ ደንግጦ አልቅሶ አላባብል እንዳላቸው ሁሉ ያስታውሳሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሒሳብ ነው። ጣሊያን የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት በመጋቢት 1933 ነው፤ በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ የተሰቀሉት በጥር 1937 ነው። የፊት ጥርስ የሚወልቀው በስድስትና በሰባት ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ ልደታቸው በ1921 ግራና ቀኝ እንደሚወድቅ ወዲያው ታየ። ከዚያ የመጨረሻው ቁልፍ መጣ። እናታቸው «በዘመነ ማቴዎስ፣ ጤፉ ሲያሸት ወለድሁሽ» ይሏቸው ነበር። የወንጌላውያን ዘመን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስለሚመለስ፣ በዚያ አካባቢ ዘመነ ማቴዎስ የሚሆኑት 1917፣ 1921 እና 1925 ብቻ ናቸው። በ1917 ተወልደው ቢሆን ጣሊያን ሲገባ የ11 ዓመት ልጅ ስለሚሆኑ የፊት ጥርሳቸው ከወለቀ ብዙ ዘመን ያልፈዋል፤ በ1925 ቢሆን ደግሞ በ1937 ዓ.ም. ገና የ12 ዓመት ልጅ ስለሚሆኑ የበኩር ልጅ ሊታቀፉ አይችሉም። የቀረው 1921 ነው። ክርስትና የተነሡት በጥምቀት ሰሞን መሆኑን ያውቃሉ፤ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ስለሆነ፣ ከጥር 11 ቀን ሰማንያ ቀን ወደኋላ ብንቆጥር ጥቅምት 21 ላይ እናርፋለን፤ ይህም እናታቸው እንዳሉት ጤፍ የሚያሸትበት ጊዜ ነው። እንግዲህ መስከረም 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዘራውን ሲረከቡ 95 ዓመት ከ10 ወር ገደማ ሆኗቸው ነበር። ይህን ስሌት ጸሐፊው እንዲያፈርሱት በአክብሮት እጋብዛለሁ፤ ማፍረስ ከቻሉ መዝገቡን አርማለሁ።

እርግጥ ሁሉም እንዲህ አይሳካም። መታወቂያቸው ላይ 108 የተጻፈላቸው አንድ አባት በእኛ ስሌት 91 ሆነው ተገኙ፤ የጣሊያንን መግባት እንዳዩት አድርገው የሚተርኩት ታላቅ ወንድማቸው ሲያወሩ ሰምተው ኖሮ፣ የታናሽ እኅታቸው ምስክርነት ነገሩን አጠራው። አልተቀየሙም፤ ሳቁና «እንግዲያውስ ገና ጎረምሳ ነኝ» አሉ። አንድ ሙስሊም አባት ደግሞ ዕድሜያቸውን ያሰሉት በጾሙት ረመዷን ቁጥር ነበር። የጨረቃ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ወደ መቶ ሲጠጋ ሦስት ዓመት ያህል ትርፍ ያመጣል፤ እሱን ቀንሰን መዘገብን። ሁለት ሰዎችን መለየት ባቃተን ዓመት ደግሞ ለሁለቱም ጋቢ ሰጥተን ከዘራው ስድስት ስድስት ወር እየተፈራረቁ እንዲይዙት አድርገናል። ዕድሜውን የሚያጋንን ሰው አለ፤ ክብሩን ግን በማጋነን ያገኘ የለም።

ጸሐፊው አብነት አድርገው የጠቀሱት መዝገብ ያለውን አገር ስለሆነ፣ መዝገብ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ አንድ ነገር ልጨምር። ጃፓን በዓለም ላይ እጅግ ከተሟሉት የቤተሰብ መዝገቦች አንዱ ያላት አገር ናት፤ መቶ ዓመት ለሚሞላቸው ዜጎቿም ከእ.ኤ.አ. 1963 ጀምሮ መንግሥት ዋንጫ ይሰጣል፤ በፊት የብር ነበር፣ ከእ.ኤ.አ. 2016 ወዲህ ግን በብር የተለበጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን በቶኪዮ ካሉት ወንዶች ሁሉ በዕድሜ ይበልጣሉ ተብለው በመዝገብ የሠፈሩት ሰው ከ30 ዓመት ገደማ በፊት በቤታቸው ሞተው መቅረታቸው ታወቀ። ከዚያ ወዲያ በተደረገው ማጣራት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸው በመዝገብ ላይ «በሕይወት ያሉ»፣ የት እንዳሉ ግን የማይታወቁ ከ230,000 በላይ ስሞች ተገኙ። ወረቀቱ ሞልቶ ሳለ የጎደለው በሩን የሚያንኳኳ ሰው ነበር። የእኛ ቆጠራ ወረቀት የለውም፤ በሩን ግን ያንኳኳል፤ እኔ ለዚህ ወግ የምከራከረውም በዚህ ምክንያት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ማን እንደሆነ ለማወቅ፣ የማይበልጡትንም ሁሉ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ተቀምጦ ማነጋገር የግድ ነው። ጋቢ የሚደረብለት አንድ ሰው ነው፤ የሚጠየቀው ግን በከተማው ያለ አረጋዊ ሁሉ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ «መኖር ሥራ አይደለም» የሚል ነው፤ ጸሐፊው «ካረጁ አይበጁ» የሚለውን ተረትም አምጥተዋል። ክብር ለሠራ ሰው ይሁን ይላሉ። ለሠራ ሰው ክብር እንዳይሰጥ የከለከለ የለም፤ ሞዴል አርሶ አደር ይሸለማል፣ ጎበዝ ተማሪ ይሸለማል፣ ለትምህርት ቤት ቆርቆሮ የገዛ ነጋዴ ስሙ በግድግዳው ላይ ይጻፋል። ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥32 ግን በሽበታም ፊት ተነሣ ሲል ሽበታሙ ምን እንደሠራ ጠይቅ አላለም።

ከዘራውን ከያዙት መካከል አንዱ ቀጥቃጭ ነበሩ። በወጣትነታቸው የአገሩን ገበሬ ሁሉ ማረሻ የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ፤ ያው ገበሬ ግን «ቡዳ ናቸው» ብሎ ማዕድ አይቀርባቸውም፣ ልጁንም ለልጃቸው አይድርም ነበር። በጎጃም ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ምን ተብለው እንደኖሩ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። እኚህ አባት ማንም በሽልማት መዝገብ ላይ ስማቸውን አስቦት አያውቅም፤ በሥራ ተመዝኖ ይሰጥ በተባለ ጊዜም ሚዛኑን የያዘው ሰው አያስባቸውም ነበር። ዕድሜያቸው ግን ተቆጠረ፤ ከሁሉም በለጠ፤ መስከረም 2 ቀን አባቶቻቸው ደጁን ረግጠውት የማያውቁ ሰዎች ቤታቸው ገብተው፣ ከእሳቸው እጅ የተቆረሰ ዳቦ በሉ። ዳቦውን ሲቆርሱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የመጀመሪያውን ቁራሽ የሰጡት ለቄሱ ነው፤ ቄሱም ተቀብለው በሁሉም ፊት ጎረሱት። ዘመድ፣ ሀብት፣ ትምህርትና ዘር ሳይጠየቅ የሚሰጥ ክብር በከተማችን ከዚህ ሌላ አለ ወይ ብዬ ጸሐፊውን እጠይቃለሁ። እኔ አላገኘሁም።

ስለ ወጪው የተባለውን ባጭሩ ልለፈው። ጋቢውን የሚፈትሉት የከተማው እናቶች ናቸው፤ ሸማኔው የእጁን አይጠይቅም፤ ለዳቦና ለቡናው እድሩ ከየቤቱ የሚሰበስበው ከአንድ ሲኒ ቡና ዋጋ አይበልጥም፤ አበል የለም፣ ድንኳን የለም፣ ከወረዳ የሚጠበቅ እንግዳ የለም። ይህ ገንዘብ ለሕክምና ቢውል የአንድ ሰው የአንድ ሳምንት መድኃኒት አይገዛም።

የሕክምናው ጥያቄ ግን ከገንዘቡ ስለሚሰፋ መልስ ይገባዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደው መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። በጎጃም በብዛት ያለው አረጋዊ ግን ገበሬ ነውና ጡረታ የለውም። ለእሱ ከሁሉ የሚቀርበው በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ወረዳዎች አንዱም የእኛው የጎጃም ደቡብ አቸፈር ነበር። በዚህ መድኅን የመክፈል አቅም የሌለው ሰው መዋጮው ይሸፈንለታል፤ ለዚያ ግን አስቀድሞ በቀበሌው የድሆች ዝርዝር ውስጥ ስሙ መግባት አለበት። ስሙ የሚገባው ደግሞ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ሲኖር ነው።

ከአራት ዓመት በፊት በቆጠራው ወቅት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ አንድ አባት አገኘን። ጎረቤቱ ሁሉ ልጃቸው ወደ ባሕር ዳር እንደወሰዳቸው ነበር የሚያውቀው፤ ልጁም መጥቶ ነበር፣ ነገር ግን እሳቸው አልሄድም ብለው ቀርተዋል። የወፍጮው ድምፅ ሳላቸውን ውጦት ነበር። አልጋቸው አጠገብ አንድ ጆግ ውኃና በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ ነበር፤ ጥርስ ስለሌላቸው ቆሎውን ውኃ ውስጥ እየነከሩ ነበር የሚበሉት። በዝርዝሩ ላይ አልነበሩም፤ በዚያው ሳምንት ገቡ፤ ከዚያ በኋላ የእድሩ ሴቶች ተራ ገብተው ሽሮና ፍትፍት ያደርሱላቸው ጀመር። ዕድሜያቸው 84 ስለነበር ከዘራው አልደረሳቸውም። ሆኖም የከዘራው ቆጠራ ባይኖር በዚያ ቀን ያንን በር የሚያንኳኳ አልነበረም። ጸሐፊው ገንዘቡ ለአረጋውያን ሕክምና ይዋል ሲሉ መልካም ማለታቸው ነው፤ መታከም ያለበት አረጋዊ የት እንዳለ የሚያሳየንን ሥራ ግን ይቅር እያሉን ነው።

አምስተኛው ነጥብ «የሞት ወረፋ» የሚለው ነው፤ ይህን በከፊል እቀበላለሁ። በቦስተኑ ከዘራም «ይህን የያዘ ቶሎ ይሞታል» ብለው አንቀበልም ያሉ አረጋውያን እንደነበሩ ይነገራል። በእኛም ከተማ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለተኛው ማን እንደሆነ በአደባባይ ይነገር ስለነበር፣ አንዳንድ ቀልደኛ «ተረኛው» እያለ ይጠራቸው ጀመር። ይህ ነውር ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመዝገቡ ውስጥ የሚነገረው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው በቆጣሪዎቹ ዘንድ ይቀራል። ከዘራውን አልፈልግም ያሉ ሰውም በግድ አይሰጣቸውም፤ አንድ አባት «ለእኔ ጋቢው ይበቃኛል፣ ከዘራውን ለታናሼ ስጡልኝ» ብለው እንደ ቃላቸው ተደርጓል።

አረጋውያን ሞታቸው ሲታሰብ ይሸበራሉ የሚለውን ግን ጸሐፊው ከየት እንዳመጡት አላውቅም። በእኛ አገር መግነዛቸውን ራሳቸው ፈትለው፣ አሠርተው፣ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ዘመድ ሲመጣ አውጥተው የሚያሳዩ እናቶች አሉ። በቁማቸው ተዝካራቸውን አውጥተው፣ ካህናቱን ጠርተው፣ ድሀውን አብልተው፣ ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት የኖሩ አባቶች አሉ። ስለ ሞት ማውራት የሚያስፈራው ወጣቱን ነው። የአረጋዊው ፍርሃት ሌላ እንደሆነ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከየቤቱ ሰምቻለሁ፤ ዓይኔ ሳይከደን ተረሳሁ የሚል ነው። ቆጣሪዎቹ ሲገቡ ከመደባቸው ተነሥተው «ዘንድሮም መጣችሁ?» የሚሉት ስንተኛ እንደሆኑ ለማወቅ አይደለም፤ ብዙዎቹ ከነጭራሹ አይጠይቁንም።

የመጨረሻው ነጥብ የሴቶች ነው፤ ይህን ያለ ምንም ማመንታት እቀበላለሁ። ከዘራውን የያዙት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ወንዶች ነበሩ፤ ከእነሱ የሚበልጡ እናቶች በከተማው እንደነበሩ ዛሬ ከመዝገቡ አይተን አውቀናል። ስሕተቱ የመጣው ቆጠራውን በእድሩ መዝገብ ስለጀመርን ነው፤ መዝገቡ የያዘው አባወራን ነበርና ባሏ የሞተባትና ከልጇ ቤት የምትኖር እናት በልጇ ስም ተሸፍና ትቀር ነበር። ቦስተኖችም ከዘራውን ለሴት የፈቀዱት እ.ኤ.አ. በ1930፣ ከ21 ዓመት በኋላ ነው፤ ይህ ግን እኛን ነፃ አያወጣንም፤ የእነሱን ስሕተት ሰምተን ሳለ ደግመነዋልና። ቆጠራውን ከእድር መዝገብ አውጥተን ቤት ለቤት ያደረግነው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንና አንዲት እናትንም የጨመርነው ከዚያ በኋላ ነው። ለእነዚያ ላለፉት እናቶች የምንመልስላቸው ነገር የለንም፤ ስማቸው በዕድሜያቸው ልክ በመዝገቡ እንዲገባ አድርገናል፣ ለልጆቻቸውም ሄደን ነግረናል።

ጸሐፊው ያላነሡት አንድ ጉድለት ደግሞ እኔው ልጨምርላቸው። ከላይ ዕድሜያቸውን ያሰላንላቸው እናት መስከረም 2 ቀን ከዘራውን ሲቀበሉ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ስመው አስቀመጡት፤ ሕዝቡን መርቀው ሲጨርሱ ግን ወደ ጓዳ ለመግባት የተነሡት ከበሩ ሥር የተደገፈችውን የራሳቸውን አሮጌ ምርኩዝ ይዘው ነው። ለምን እንደሆነ ብንጠይቃቸው ከዘራ የወንድ እንደሆነ፣ ሴት በምርኩዝ እንደምትሄድ፣ ቁመቱም ለእሳቸው እንደማይሆን ነገሩን። ከዘራው እስከ ዛሬ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በሰኔው የእድር ስብሰባ ተነጋግረንበት፣ ከዚያው የወይራ ዓይነት፣ የቀንድ ቀለበት ያለው ምርኩዝ በእሳቸው ቁመት እንዲሠራ ለአናጢው ተነግሮታል፤ ልኩንም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታቸው ሄዳ በክር ወስዳለች። ቆጠራው እንደ ወትሮው ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ይጀመራል፤ ጸሐፊውም ፈቃዳቸው ከሆነ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ቤቶች አብረውን ይዙሩ።